እንቁራሪቷ ቡፌ ገባች

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ «እገሌ እኮ ሰብሳቢ ነው» ከተባለ ጎረቤት የሚጠይቀው «የየትኛው ኮሚቴ?» ብሎ ነው። የጥበቃ ኮሚቴ አለ፤ የውሃ ፓምፕ ኮሚቴ አለ፤ የደረጃ መብራት ኮሚቴ አለ። ሰብሳቢ ማለት መዋጮ ያልከፈለ ሰው ከሩቅ ሲያየው በሌላ ብሎክ ዞሮ የሚገባለት ባለሥልጣን ነው። «ኧረ የኮሚቴ አይደለም፤ አሮጌ የብርጭቆ አበባ መያዣ ነው የሚሰበስበው» ሲባል ጎረቤት ከንፈሩን ይመጥጣል። ከመሥሪያ ቤት ተቀንሶ ቆራሌው የሆነ ይመስለዋል።

ብርጭቆ መሰብሰቡ እንግዳ ነገር ሆኖ አይደለም። ብርጭቆ የማይሰበስብ ቤት የለንም። ማስረጃው የሳሎኑን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር ይዞ የቆመው ቡፌ ነው። ቤቱ ስቱዲዮ ቢሆን፣ አልጋው በቁመቱ አልገባ ቢል፣ ሕፃኑ የሚድህበት ቢጠፋ፣ ቡፌ ግን ይገባል። በመስታወቱ ውስጥ የዋጋ ወረቀታቸው ያልተላጠ ስድስት የወይን ብርጭቆዎች፣ አፋቸው ወርቅ የተቀባ የሠርግ ሲኒዎች፣ ጠጅ ሳይቀምስ ያረጀ አንገቱ ላይ ሪባን የታሰረለት ብርሌ ተደርድረዋል። የተቀመጡት ለክቡር እንግዳ ነው። እንግዳ ብዙ መጥቶ ሄዷል፤ ክቡር የሚባለው ገና መንገድ ላይ ነው። እስኪደርስ ድረስ የቤቱ ሰው በፕላስቲክ ኩባያ ይጠጣል።

ከቡፌው ፊት ለፊት ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ ዳንቴል፣ ዳንቴሉ ላይ የአበባ ማስቀመጫ፣ ማስቀመጫው ውስጥ የፕላስቲክ ጽጌረዳ። ቅጠሉ ላይ ፀሐይ የማያደርቀው የሙጫ ጤዛ ተንጠባጥቦበታል። ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ በሳሙና ታጥቦ በረንዳ ላይ ከካልሲ ጋር ይሰጣል። እውነተኛው ጽጌረዳ ከከተማው በስተምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ሆለታ፣ ወይም ቀረብ ብሎ ሰበታ ተቆርጦ፣ በማቀዝቀዣ መኪና ቦሌ ይገባና አውሮፕላን ተሳፍሮ ኔዘርላንድስ ይሄዳል። አበባ ወደ ውጭ በመላክ ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥለን ሁለተኛ ነን። የከተማችንም ስም አዲስ አበባ ነው። ጠረጴዛችን ላይ ያለው ግን በኦሞ የሚታጠብ አበባ ነው።

ሰብሳቢው ወደዚህ ሳሎን ይዞት የሚገባው ዕቃ ከቡፌውም ከፕላስቲኩም ጋር የማይስማማ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «እንቁራሪት» ይሏታል፤ ውሃ ውስጥ ቁጭ ብላ ስለምትውል ነው ይባላል። ጀርባዋ ጎበጥ ያለ፣ ድፍን፣ ከባድ የብርጭቆ ቁራጭ ናት። ከጀርባዋ ወደ ሆዷ የሚወርዱ ቀዳዳዎች አሏት፤ አንዱ መሐል ላይ፣ ሌሎቹ ዙሪያውን። ትንሿ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ትልቋ 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ትሰፋለች። 9 ሴንቲ ሜትር የምትሰፋው ክብደቷ ወደ ግማሽ ኪሎ ይጠጋል፤ ሰፊ ሳህን ግርጌ ተቀምጣ የአበባ ዘንግ ቀጥ አድርጋ የምትይዘው በዚሁ ክብደቷ ነው። ሥራዋ ይኸው ነው። ስትሠራ አትታይም፤ ከላይ አበባው፣ ከዳር ሳህኑ ይሸፍናታል። ዕቃ የሚገዛው ለመታየት በሆነበት ሰፈር፣ ከታየች ሥራዋን አበላሸች የምትባል ዕቃ በውድ ገዝቶ መምጣት ምን ዓይነት ጤና ነው?

ስለዚህ ቤተሰቡ ሌላ ሥራ ይፈልግላታል። የመጀመሪያው እንግዳ መተርኮሻ መስላው አመዱን ያራግፍባታል። ሁለተኛው ቀዳዳዎቹን ቆጥሮ «ይቺ የስቴኪኒ ናት» ይላል፤ አንድ ፓኮ ስቴኪኒ ተሰክቶባት ከጥብስ ሳህን አጠገብ ጃርት መስላ ትቀርባለች። ሦስተኛዋ የንስሐ አባት ይመጣሉ ተብሎ ቤት የምታሰናዳ አክስት ናት፤ «ተመስገን፣ የጧፍ መትከያ!» ትላለች። መተርኮሻነቱና ስቴኪኒው ውርደት እንጂ ጉዳት የላቸውም። ጧፉ ግን ይገድላታል። ብርጭቆ ሙቀት ቶሎ አያስተላልፍም፤ ጧፉ ነድዶ ወደ ቀዳዳው አፍ ሲደርስ በነበልባሉ ዙሪያ ያለው ይግላል፣ ሁለት ጣት ራቅ ያለው እንደቀዘቀዘ ነው። የጋለው ሲለጠጥ ያልጋለው እምቢ ይላል፤ ከዚያ ጧ! በተረታችን እንቁራሪት ዝሆን አክላለሁ ብላ ተሰንጥቃ ሞተች። ይቺኛዋ ዝሆን የመሆን ምኞት የላትም፣ የምትሰነጠቀው በአክስት ጸሎት ነው።

አሠራሯ እንዲህ ነበር፦ ቀልጦ የቀላ ብርጭቆ በብረት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይጨመርና ከላይ ባለ ጣት ብረት ወርዶ ይጫነዋል፤ ጣቶቹ ቀዳዳዎቹን ያወጣሉ። የቅርጽ ማውጫው ሁለት ጎን የተገጣጠመበት ቦታ ደግሞ ጎኗ ላይ እንደ ስፌት የቀጠነ መሥመር ይተዋል። አንዳንዷ ቀዳዳዋ እስከ ታች አይወርድም፤ ከእንደዚህ ያለችው መራቅ ነው፤ ጉድጓዱ ውስጥ አየርና ቆሻሻ ይታሰራል፣ ዘንጉም ውሃ እያየ ይጠማል። ከሥሯ ሦስት ወይም አራት ድንክ እግሮች ያሏት ትመረጣለች፤ ዘንጉ ቀዳዳውን አልፎ በእግሮቿ መሐል ከሳህኑ ውሃ ይጠጣል። ሆዷ ሳህኑ ላይ የሚለጠፈው ዓይነት ላይ ዘንጉ ቀዳዳውን ጥብቅ አድርጎ ከደፈነው፣ ከሥሩ የቀረችው ውሃ ስታልቅ የሚተካ የለም።

የሞቀ ዘመኗ በፈረንጅ አቆጣጠር 1920ዎቹና 1930ዎቹ ነበር። አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ ካምብሪጅ በምትባል ከተማ፣ ከ1902 እስከ 1950ዎቹ ድረስ የቆየ፣ በከተማዋ ስም የተጠራ የብርጭቆ ፋብሪካ ሲሠራት ነበር። የእሱ ከሆኑት በብዙዎቹ ላይ የባለቤትነት መብት የተሰጠበት ቀን ታትሟል፤ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 11 ቀን 1916። በእኛ ሚያዝያ 3 ቀን 1908 ዓ.ም. ማለት ነው። ሰብሳቢው ቀኑን መልሶ ሲያሰላ አልጋው ላይ ልጅ ኢያሱ ናቸው፤ ከዙፋን የወረዱት ከአምስት ወር በኋላ፣ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ለመስቀል ነው። ከዚያ ወዲያ ሰብሳቢውን ማን ይችለዋል! «የልጅ ኢያሱ ዘመን ዕቃ» እያለ በየለቅሶ ቤቱ ያወራል። ሐቁን ብንነግረው ይከፋዋል እንጂ፣ የታተመው ቀን ሐሳቡ የተመዘገበበት ነው፤ ቅርጽ ማውጫው ከዚያ በኋላ ለዓመታት ያንኑ ቀን ሲያትም ኖሯል። የእሱ እንቁራሪት የተጫነችው ዘውዲቱ ነግሠው፣ ምናልባትም ኃይለ ሥላሴ ተተክተው ሊሆን ይችላል።

ከሥራ ያፈናቀላት እዚያው ኦሃዮ የተፈጠረ አረንጓዴ ስፖንጅ ነው። ቬርነን ስሚዘርስ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1954 ያወጣው ነው፤ የሠርግ ዲኮር ሠሪዎቻችን በሙሽራ መኪና ላይና በሚዜ ጠረጴዛ ላይ አበባ የሚሰኩበት ያ ጡብ መሳይ ነገር። ቀላል ነው፣ ውሃ ይመጥጣል፣ የፈለጉበት ይወጋል። አንድ ጊዜ የተወጋበት ቀዳዳ ግን ተመልሶ አይገጥምም፤ የፕላስቲክ ዘር ስለሆነም አይበሰብስም። ሠርጉ አልቆ ድንኳኑ ሲነሳ እንደ አረንጓዴ እንጀራ ፍርፋሪ ሜዳው ላይ ይቀራል። ትዳሩ ቢፈርስ እንኳ ስፖንጁ አይፈርስም። ጃፓኖች በበኩላቸው ኬንዛን የሚሉት ባለ ብዙ እሾህ ክብደት አላቸው፤ ትርጉሙ «የሰይፍ ተራራ» ነው። ከብርጭቆዋ ይልቅ ቀጭን ዘንግ በመያዝ ይበልጣታል፤ ሰብሳቢ ፊት ይህን መናገር ግን አይመከርም።

ወደ ግዢው እንምጣ። ይቺ ዕቃ በሱቅ አትሸጥም። አንድ የውጭ አገር ሰው ጓዙን ጠቅልሎ ሲሄድ ከሚያወጣው ዕቃ ጋር ትገኛለች፤ የቆራሌው ማዳበሪያ ውስጥ ትገኛለች፤ መርካቶ ምን አለሽ ተራ ላይ በተበላሸ የቡና ወፍጮና በሞተር ክዳን መሐል ተቀምጣ ትገኛለች። ምን አለሽ ተራ የዕቃ ዋጋ የለም፤ ያለው የገዢ ፊት ዋጋ ነው። ሻጩ ምን እንደሆነች አያውቃትም፣ ስለዚህ ገዢውን ያነባል። ገዢው ተንበርክኮ ማጉሊያ መነጽር ካወጣ ነገሩ አለቀ። «አንቲክ ናት?» ብሎ ከጠየቀማ ሻጩ አዲስ ቃል ተማረ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ የዛገው መቆለፊያም አንቲክ ነው። ያወቀ ገዢ በመጀመሪያ የሞተር ክዳኑን ዋጋ ይጠይቃል፣ ይወደድበታል፣ ሁለት እርምጃ ይሄዳል፣ ከዚያ ዘወር ብሎ በእግሩ ጫፍ እያሳየ፣

«ይቺስ?»

«የንጉሡ ጊዜ ዕቃ ናት፣ ጋሼ።»

«የየትኛው ንጉሥ?»

«እርስዎ የፈለጉት ይሁን፣ በዚያ አንጣላም።»

ውሃ የነካት እንቁራሪት አትገዛም። ሻጩ «ልጠብልዎት» ብሎ ከሃይላንድ ውሃ ካፈሰሰባት፣ ወይም ዘይት በነካ ጨርቅ ካሻሻት፣ ስንጥቁና ጉሙ ለጊዜው ይሰወራል። ደርቃ ትታይ። በጥፍር የእያንዳንዱን ቀዳዳ አፍ ዙሪያ መዳሰስ ነው፤ ጥፍር የሚይዝበት ቦታ ተሸርፏል። ከታች ያለ ትንሽ ሽራፊ ሳህን ውስጥ ስለማይታይ ዋጋ ለማስቀነሻ ይጠቅማል። ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው የሚሄድ የፀጉር ያህል መሥመር ካለ ግን ትቶ መሄድ ነው፤ ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ የተባለው ለእሷም ይሠራል። በጥፍር እየመቱ ድምፅ የሚያዳምጡ አሉ። ቀጭን የወይን ብርጭቆ ይጮሃል፤ ድፍን እንቁራሪት ግን ደህናም ሆና ነቅታም «ጡጥ» ከማለት አታልፍም። ለማስመሰል ካልሆነ በቀር ጥቅም የለውም፤ ለማስመሰል ግን ይጠቅማል።

ቀጥሎ ሆዷን መገልበጥ ነው። 80 እና 90 ዓመት በየሳህኑ ላይ የተጎተተች እንቁራሪት እግሯ ወይም ሆዷ ላይ በየአቅጣጫው የተበተነ ደቃቅ ጭረት ይኖራታል። ጭረቱ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ከሄደ በሸርተቴ አልኖረችም፣ በብርጭቆ ወረቀት ነው የተፈተገችው። ምንም ጭረት ከሌላት ደግሞ ወይ ትናንት ተሠርታለች፣ ወይ ዕድሜዋን በሙሉ ቡፌ ውስጥ ቆይታለች። እኛ አገር ሁለተኛውም ሊሆን ይችላል።

ቀለሟ ነጭ፣ አረንጓዴ፣ የማር ቀለም፣ ሮዝ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁርም ይሆናል። ወደ ቢጫ የሚያደላ አረንጓዴ ከሆነች ሱቅ ውስጥ ሐሰተኛ ብር የሚለዩባትን ሐምራዊ ባትሪ ተውሶ ጨለማ ውስጥ ማብራት ነው። እንደ ትራፊክ መብራት ቦግ ያለ አረንጓዴ ካበራች ውስጧ ጥቂት ዩራኒየም አለ፤ ለቀለም ተብሎ የተጨመረ ነው። ጨረሯ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ሳህን ውስጥ አበባ ይዛ መቀመጧ ችግር የለውም። ችግሩ ቃሉ ነው። «ዩራኒየም» የሚለውን ቃል ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ የተናገረ ሰው በማታው አስቸኳይ ስብሰባ ይጠራል፤ ያን ዕለት እውነተኛው ሰብሳቢ ማን እንደሆነ ያውቃል። ነጭ ሆና ወደ ሐምራዊ የምትወስዳት ደግሞ ማንጋኒዝ ያለባት ናት፤ ማንጋኒዝ ያለበት አሮጌ ብርጭቆ ለዓመታት ፀሐይ ሲመታው ይወይናል። በማሽን ጨረር በአንድ ጊዜ አወይነው የሚሸጡም አሉ፤ የእነዚያ ሐምራዊነት የቀለም ዕቃ ውስጥ የወደቀ ያህል የደመቀ ነው።

ምን አለሽ ተራ ያልሆነለት ሰብሳቢ አሜሪካ ያለ ዘመዱን ያስቸግራል። ዘመድ በሁለት ሻንጣ ሁለት 23 ኪሎ ይዞ ሲመጣ የሚጠበቀው ጫማ፣ ቫይታሚንና ስልክ ነው። አሥር እንቁራሪት ወደ 5 ኪሎ ትጠጋለች፤ አምስት ኪሎ ጫማ የስንት የወንድም ልጅ እግር እንደሆነ ቤተሰቡ ያሰላል። ለማንኛውም ብርጭቆ ከብርጭቆ አይነካካ፤ እያንዳንዷ በወፍራም ካልሲ ገብታ በልብስ መሐል ትቀመጥ። ካልሲውን ለወንድም ልጅ መስጠት ነው፤ ቅሬታውን በጥቂቱ ያበርዳል።

ቤት የገባች እንቁራሪት ትታጠባለች። ለብ ያለ ውሃና ፈሳሽ ሳሙና በቂ ነው። እጅ የማይታገሰው ውሃ ላይ አትነከር። «አዲስ አበባ ከፍታ ስለሆነ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም» የሚል ሊቅ በየቤቱ አለ። ልክ ነው፣ 92 ወይም 93 ላይ ይፈላል። ሱሉልታና እንጦጦ ጥግ ላይ ሌሊቱን መስኮት ዳር ያደረች እንቁራሪት ላይ ቢደፋ ግን እነዚያ የጎደሉ ሰባት ዲግሪዎች አያድኗትም። ቀዳዳዎቹ በጡጦ ብሩሽ ይጸዳሉ፤ ለጠበቡት ስቴኪኒ ላይ የተጠቀለለ ጥጥ አለ። (ስቴኪኒና እንቁራሪት በዚህ ብቻ ይገናኙ።) የድስት ሽቦ አይነካት።

ነጭ ቅርፊት ካላት ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። የጉድጓድ ውሃ የሚደርሰው ሰፈር ያለ ሰው የሻይ ማንቆርቆሪያውን ሆድ ያውቀዋል፤ ያ ነጭ ነገር የውሃው ኖራ ነው። እንዲህ ከሆነ አንድ እጅ አቼቶ ለአንድ እጅ ውሃ አድርጎ ማታ ዘፍዝፎ ጠዋት ማጠብ፤ የሎሚ ጭማቂም ይሆናል። በዚህ ካልለቀቀ ብርጭቆው ታሟል ማለት ነው፤ ውሃ ለዓመታት ተኝቶባት ከብርጭቆው ውስጥ ሶዳውን መጥጦ አውጥቶታል፣ ገጿ ራሱ ተበልቷል። የታመመ ብርጭቆ ፀበል አያድነውም። አቼቶ ያቃተውን በረኪና ላግዝበት ብሎ ሁለቱን መደባለቅ ደግሞ ብርጭቆውን አያጸዳም፤ ክሎሪን ጋዝ አውጥቶ አጣቢውን በረንዳ ላይ ያስወጣዋል።

አሁን ሥራ። 9 ሴንቲ ሜትር ለሆነች እንቁራሪት 22 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ፣ ከአንድ አውራ ጣት ርዝመት የማይበልጥ ጥልቀት ያለው ጎድጓዳ ሳህን ይበቃል። ሳህኑ ከየት ይመጣል? ከቡፌ ነዋ። የመጀመሪያው የቤት ውስጥ ጦርነት የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፤ የሚበቃው ሳህን ሁልጊዜ ለክቡር እንግዳ የተቀመጠው ነው።

ሳህኑ ልሙጥ ስለሆነ እንቁራሪቷ ትንሸራተታለች፤ መያዣ ያስፈልጋታል። ፈረንጅ የሚያጣብቅ ልዩ ጭቃ ይገዛል። ለእኛ ጠጅ ጣይ ጎረቤት ትበቃናለች፤ ሰፈፉን ለምኖ፣ አፍልቶ፣ አጥልሎ ሰሙን ማውጣት ነው። 20 ግራም ሰም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጋር ጣሳ ውስጥ ሆኖ በሙቅ ውሃ ላይ ይቀልጥና ይቀዘቅዛል። ከዚያ ሽምብራ ሽምብራ የሚያክሉ አራት እንክብሎች በጣት አሙቆ እግሮቿ ላይ መለጠፍ፣ ሳህኑ ላይ ጫን ብሎ ሩብ ዙር ማዞር። ሁለቱም ድርቅ ያሉ መሆን አለባቸው፤ አንድ ጠብታ ውሃ ካለ ሰም አይዝም፤ ሰዎች «አልያዘም» የሚሉት ከአሥር ዘጠኙ በዚህ ነው። በቅኔ ሰሙ ከላይ ወርቁ ከሥር ነው፤ እዚህ ሰሙ ከሥር ሆኖ ወርቁ ምን አለሽ ተራ ቀርቷል። ስትነሳ ለብ ያለ ውሃ አድርጎ ክር ማሳለፍ ነው። ሱፐር ግሉ የተጠቀመ ሰው ሳህንና እንቁራሪት አንድ ላይ አጋብቷል፤ ፍቺ የለውም። ማስቲካ ያኘከ ልጅ «እኔ አለኝ» ሲል በትሕትና እምቢ ይባላል።

ውሃው ቢያንስ እግሮቿን አልፎ ግማሽ ጀርባዋን ይሸፍን። ያ ሳህን ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ይይዛል። ለአንድ ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ጥቂት የበረኪና ጠብታ ይጨመራል፤ ስኳሩ አበባውን ይመግባል፣ በረኪናው ስኳሩን ሊበላ የመጣውን ባክቴሪያ ያባርራል። ስኳር ከሸማቾች ማኅበር በሰልፍ በሚገዛበት ሰፈር ለአበባ ስኳር መስጠት በይፋ የሚነገር ነገር አይደለም። በየሁለት ቀኑ ውሃው ይቀየር፤ ካልተቀየረ ቀዳዳዎቹ ውስጥ የሚያሟልጭ ነገር ይበቅላል፣ የዘንጉም የውሃ ቧንቧ ይደፈናል። ውሃ በፈረቃ ነው፣ አሳንሰር የለም፣ ጀሪካኑ 4ኛ ፎቅ በትከሻ ይወጣል፤ ባለ 20 ሊትሩ ስምንት ጊዜ ይቀይራል፣ ለሁለት ሳምንት ይበቃል ማለት ነው። አሮጌው ውሃ መጸዳጃ ቤት ባልዲ ውስጥ ይገባል። ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ እንኳን ጎረቤት «ለአበባ ነው ውሃ የምታወጣው?» ማለቱን አይተውም።

ጽጌረዳ ከሆነ የዘንጉ ውፍረት ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ነው፤ 10 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ላይ በልኩ ይቀመጣል። ለውጭ ገበያ የተቆረጠ ጽጌረዳ 60 ሴንቲ ሜትር ሊረዝም ይችላል። እንቁራሪቷ የምትይዘው የታችኛውን 4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ቀሪው 56 ከነራሱ ወደ ጎን ይጎትታል። አምስቱን ረጃጅም በአንድ ወገን የሰካ ሰው እንቁራሪቷ ከነሰሟ ተነቅላ፣ ሳህኑ ዘምሞ፣ ውሃው ዳንቴሉንና ሪሞቱን ሲያጥብ ያያል። ስለዚህ ይቆረጣል። 25 ሴንቲ ሜትር ለመሐሉ፣ 15 እና 18 ለዙሪያው። በሚቆርጥ ቢላ፣ በሰያፍ፣ ከተቻለ ጫፉ ውሃ ውስጥ እንዳለ፤ ደብዘዝ ያለ መቀስ ዘንጉን ይጨፈልቀዋል፣ አየር ከገባበት ደግሞ አንገቱን ይደፋል። ከውሃው በታች የሚውል ቅጠል ሁሉ ይነቀል።

«አንተ ልጅ! ምን በደለህ ነው ይሄን የመሰለ አበባ ያሳጠርከው?»

«እማዬ፣ ቁመቱ አይቆምም።»

«ረጅም የሆነው እግዜር አውቆ ነው። ግማሹን ጥለህ ግማሹን ልትሰካ ነው? በሙሉ ዋጋ ገዝተህ?»

መልስ የለውም። የተቆረጠውን ዘንግ እናት ለቅመው ጀበና ሥር ሊያነዱት በረንዳ ላይ ያደርቁታል።

ሌላው ፈተና ቀዳዳዎቹ ናቸው። 12 ቀዳዳ ያየ ሰው 12 አበባ ይሰካል። በግብዣ ላይ ሳህን እስኪያፈስ እንደምንሞላው ሁሉ ባዶ ቀዳዳ የተቀማን ይመስለናል። 12 ጽጌረዳ በእኩል ቁመት፣ በእኩል ርቀት ሲቆም የታክሲ ሰልፍ ይሆናል። አምስት ወይም ሰባት ይበቃል፤ የመሐሉ ቀጥ ይበል፣ የዳሮቹ ቀዳዳቸው በሰጣቸው ዘመም ብለው ይውጡ፣ ባዶዎቹን አንድ ሁለት ቅጠል ይሸፍናቸው።

መስከረም ላይ አደይ ከከተማው ዳር ካለው ማሳ ድንበር ሲመጣ ነገሩ ይገለበጣል። ዘንጉ ቀጭን ስለሆነ ሰፊው ቀዳዳ ውስጥ እንደ ሰካራም ይወዛወዛል። ሦስት አራቱን አንድ ላይ አድርጎ ከታች ሁለት ጣት ያህል በቀጤማ ጠቅልሎ መሰካት ነው፤ ቀጤማው ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ቀዳዳውን ይይዛል። ቀጤማ ለበዓል ወለል ላይ ስለተጎዘጎዘ ፍለጋ አያስኬድም፤ ጎንበስ ማለት ብቻ። አደይ ማለዳ ተቆርጦ መጀመሪያ ሁለት ሦስት ሰዓት ጥልቅ ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ካልቆመ ግን እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ይጠወልጋል።

እንግዳው መጣ እንበል። ገባ፣ ተቀመጠ፣ አበባውን አየ። «ውይ ሲያምር! ፕላስቲክ ነው?» አለ። አይደለም ተባለ። ቅጠሉን በጣቱ ቆንጥጦ አረጋገጠ፤ ይገርማል አለና ወደ ቡናው ዞረ። ስለ እንቁራሪቷ አንድም ቃል የለም፤ እንዴት ይኖራል፣ አትታይማ። እዚህ ላይ ሰብሳቢው አይችልም። «ከሥር ያለችውን እኮ አላየሃትም!» ብሎ ይነሳል፣ ጽጌረዳዎቹን በእፍኙ ጨምድዶ ያነሳል። አንዱ ዘንግ ቀዳዳው ውስጥ ይሰበራል፣ ሁለቱ ቡናው ላይ ይወድቃሉ፣ ሳህኑ ውሃውን ይረጫል። እንግዳው እግሩን ሰብስቦ የሚንጠባጠበውን የብርጭቆ ቁራጭ አተኩሮ ያያል።

«መተርኮሻ ናት?»

«የልጅ ኢያሱ ዘመን ናት።»

«ልጅ ኢያሱ ያጨሱ ነበር እንዴ?»

የዚያኑ ዕለት ማታ እናት ወለሉን ከወለወሉ በኋላ ዕቃው ውድ መሆኑን ያውቃሉ፤ ዋጋውን ሰምተዋላ። ውድ ዕቃ ደግሞ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ አያድርም። አጥበው፣ በነጠላ ጫፍ አድርቀው፣ ብርሌው አጠገብ ዳንቴል አንጥፈው ያስቀምጧታል። ባዶዋን ስትሆን ታስጠላለች፣ ቀዳዳዋ ያፈጣል፤ ስለዚህ ከጠረጴዛው ላይ ያ ጤዛው የማይደርቅ ጽጌረዳ ይመጣል፣ ሽቦው ከሥር ይታጠፋል፣ 12ቱም ቀዳዳ ይሞላል። የፕላስቲክ ዘንግ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ውሃ አይልም፣ ስኳር አይልም፣ ሰም አያስፈልገውም። የቡፌው በር ተዘግቶ ቁልፉ እናት መቀነት ውስጥ ይቋጠራል። ሰብሳቢው ክቡር እንግዳ እስኪመጣ በመስታወቱ በኩል ማየት ይችላል፤ መስታወቱን በጣቱ እንዳይነካው ብቻ።